ከአመልካቹ ጎን የቆሙት ሁለት ሰዎች



እዚህ አሜሪካ አብሮኝ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ፣ ከጣሊያን የፈለሱትን የአያቱን የዜግነት ማመልከቻ አንድ ቀን አሳየኝ። የትውልድ መንደራቸውን ስም ጸሐፊው በጆሮው እንደ ሰማው ስለ ጻፈው በካርታ ላይ ሊገኝ አልቻለም። እኔም በማመልከቻው ላይ የሰፈሩትን ሁለት ምስክሮች እንድንፈልጋቸው አሳሰብሁት። በቅየሳ ሥራችን ያልታወቀ ነጥብ የሚወሰነው ከታወቁ ነጥቦች ተነሥቶ ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ1906 በፊት ፍርድ ቤቶች የየራሳቸውን ቅጽ ይጠቀሙ ነበር፤ ማጭበርበሩም የበዛ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ግን ወጥ ቅጽ ከመደንገጉም በላይ፣ አመልካቹ ቢያንስ አምስት ዓመት በአገሪቱ መኖሩንና መልካም ጠባዩን በመሐላ የሚያረጋግጡ፣ ራሳቸው ዜጎች የሆኑ ሁለት ምስክሮች እንዲቀርቡ አዘዘ። የምስክሮቹም ስም፣ ሥራና አድራሻ ይመዘገብ ጀመር።

ምስክሮቹን ለመለየት ሦስት እርምጃዎችን ተከተልን። በመጀመሪያ፣ በዚያው ፍርድ ቤት በዚያው ዘመን የቀረቡትን ሌሎች ማመልከቻዎች አገላበጥን፤ አንድ ስም ከብዙ አመልካቾች ጋር ከተደጋገመ ሰውዬው የቅርብ ወዳጅ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ስም ብቻውን ስለሚያሳስት ከሥራውና ከአድራሻው ጋር አጣምረን በየዐሥር ዓመቱ በሚካሄደው የሕዝብ ቈጠራ መዝገብና በከተማው የነዋሪዎች አድራሻ መጽሐፍ ፈለግን። ሦስተኛ፣ ምስክሩ ራሱ ስደተኛ ከነበረ የእርሱን ማመልከቻ አፈላለግን።

አንደኛው ምስክር ስሙ በብዙ ማመልከቻዎች ላይ የሚገኝ ባለ ሱቅ ነበር። ሁለተኛው ግን የአያትየው ጎረቤት የነበረ ግንበኛ ሆኖ ተገኘ፤ በራሱም ማመልከቻ ላይ ያው መንደር በትክክል ተጽፎ አየን። ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አልነበረም፤ ያረጋገጠልን የመንደሩ የልደት መዝገብ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። የምስክሮቹ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ ሕግ ቀርቷል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ዜግነት ያገኘን ኢትዮጵያውያን፣ ልጆቻችን ነገ ወረቀታችንን ሲያገላብጡ ከጎናችን የቆመ ሰው ስም አያገኙም። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ቤታቸው ያስጠጉኝ፣ ሥራ እስካገኝም የመገቡኝ ሰው ስማቸው በአንድም መዝገብ ላይ የለም። ዛሬ ማታ ከዜግነት ወረቀቴ ጋር በሚቀመጥ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ። እናንተም የየራሳችሁን ምስክሮች ስም ሳይረሳ እንድትጽፉ አደራ እላለሁ።