ለደባርቅ አየር የሚሆን ርካሽ ሞተር

እሷ፦ በአነስተኛ ገንዘብ የአቧራ ሜዳ መወዳደሪያ ሞተር ልሥራ የሚል የደባርቅ ወይም የዳባት መካኒክ መጀመሪያ ምን ይግዛ? ብዙዎች ትልቅ ካርቡራቶር ይላሉ።

እሱ፦ እኔ አልስማማም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚሁ ያጣል። የጎደለው አየር ነው፤ ቤንዚን ቢጨመር ጥላሸት እንጂ ጉልበት አይመጣም። ስለዚህ ገንዘቡ ለፋሻ፣ ለቫልቭ መቀመጫና ቴስታታውን በልክ ለማስላጨት ይዋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ሳያንኳኳ ይችላል።

እሷ፦ እሺ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ሲደርስስ? እዚያ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ፤ በልክ ያልኩትም ለዚህ ነው። ቆላ ሲወርድ የካንዴላውን እሳት ትንሽ ማዘግየት ያስፈልጋል።

እሷ፦ ቱርቦስ? በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ የሚባለው የዳገት ውድድር መጨረሻው 4,302 ሜትር ላይ ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ከመንገዱ ከፊሉ አፈር ነበር። እዚያ ቱርቦ ብዙ ድል አስገኝቷል።

እሱ፦ አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ክብረ ወሰኑን የሰበረው ግን አየር የማያሻው የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ነው። ቱርቦ ይሠራል፤ ነገር ግን ጓርኒሲዮኑም፣ የዘይት መስመሩም፣ ራዲያተሩም ይጠናከሩ ይላል። የርካሽ ሞተር ሂሳብ ይህን አይችልም።

እሷ፦ በዚህስ ተስማማን። እኔ ደግሞ ጥሩ የአየር ፊልትሮ ከሁሉም ይቅደም እላለሁ፤ የስሜን አቧራ ከገባ አዲሱ ፋሻ ብዙ አይቆይም።