ለንባብ ቡድናችን የቱ ይሻላል? የወረቀት መጽሐፍ ወይስ ኢ-ሪደር
(በሙጃ በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ በንባብ ቡድኑ ስም የቀረበ)



ባለፈው ስብሰባ የቤት ሥራ ሰጥታችሁን ነበር። ደጋፊዎቻችን ኢ-ሪደር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ ማንበቢያ እንግዛላችሁ ወይስ በዚያው ገንዘብ የታተመ መጽሐፍ ይሻላችኋል ብለው ሲጠይቁን እናንተ “ሞክሩትና ንገሩን” አላችሁ። ለሙከራ የተላከልንን አንድ ኢ-ሪደር ሁለት ወር ከእጅ ወደ እጅ እያዞርን ሞክረነዋል። ያየነውን እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንዳስጨነቀን እንናገር። ከመካከላችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች አሉ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለአገራችን ያስገኘ ነው። ዛሬ ግን ከእነዚያ እናቶች አንዳንዶቹ በቁጠባ ደብተራችን ላይ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው። ፊደሉ የጠፋቸው ሰንፈው አይደለም። ከትምህርቱ በኋላ የሚነበብ ነገር ቤታቸው ስላልገባ ነው። በቅርቡ በጎልማሶች ትምህርት ማንበብ የቻልነውም ያው እንዳይደርስብን እንፈራለን። ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ብር ሌላ ሰው እንዲያነብልን መለመን እንዴት እንደሚያሳፍር የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ስንጀምር ሁላችንም ያነሳነው የመብራትን ነገር ነበር። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት መብራትና ስልክ ተቋርጦ ለወራት የቆየንበትን ጊዜ ማን ይረሳል? ከዚያ ወዲህ በመብራት የሚሠራ ነገር ሁሉ አያስተማምነንም። ዳሩ ግን ይህ መሣሪያ እንደ ስልክ አይደለም። ስክሪኑ ኃይል የሚፈልገው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ አንዴ ከሞላ ሳምንታት ይቆያል። በሶላር መብራታችን ላይ ሰክተን ሞላነው። መጽሐፉ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ስለዚህ በመብራት በኩል የነበረን ፍርሃት ከንቱ ሆነ።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። መሣሪያውን ወጣቶቹ ይወዱታል፣ እናቶች ይሸሹታል ብለን ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። አንዲት እናታችን ፊደሉ እንዲጎላ ሲደረግላቸው መሣሪያውን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙና አንድ ገጽ ሳያርፉ አነበቡ። “ዓይኔ ነው እንጂ እኔ መች ረሳሁ!” አሉ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር እየደበዘዘ የሚሄድባት ሴት ፊደል ረሳች ተብላ ስንቴ ተፈርዶባታል!

ችግሩ የመጣው ሌላ መጽሐፍ ስንጭንበት ነው። ልጆቻችን ከቴሌግራም ያወረዱት የአማርኛ መጽሐፍ ብዙው ገጹ በፎቶ የተነሳ ነው። ፎቶውን ስታጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው። ፊደሉ ብቻውን የሚጎላው በኮምፒውተር የተለቀመ ጽሑፍ ሲሆን ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ብዙ አላገኘንም። ደግሞም የሰው ላብ አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ሥራውን ይጠብቃል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ልብ ወለድ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመውን፣ ማንም ሊገለብጠው ይችላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ነው፤ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ያለ ፈቃድ ማባዛት አይቻልም። እኛ የለፋንበትን ፈትል አንዱ በነፃ ቢወስድብን ዝም አንልም መቼም። (ወጋየሁ ንጋቱ ያንኑ መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ እናቶች “እኛ እንዲያውም በጆሯችን አንብበነዋል” ብለው አስቀውናል።)

በአምስተኛው ሳምንት መሣሪያው ተሰበረ። ጋቢ ሥር ተቀምጦ ሳይታይ ተቀመጡበት። ስሟን አንጠራም፤ ራሷ እዚያ ጋ እየሳቀች ነው። ወልድያ ድረስ ወስደን ለስልክ ጠጋኝ ብናሳየው ለዚህ መለዋወጫ የለም ብሎ መለሰልን። የቀሩትን ሳምንታት የሠራንበት ደጋፊዎቻችን በላኩልን ሌላ ነው። ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። ወርልድ ሪደር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ጋና ውስጥ ለተማሪዎች ኪንድል ሰጥቶ ሲሞክር ከአሥሩ ወደ አራት የሚጠጋው ተሰብሮበታል። የእኛን የወረቀት መጽሐፍም አይጥ ጠርዙን በልታው ነበር። እሱን ግን በመርፌና በጆንያ ክር ሰፋነው፤ ዛሬም ይነበባል። በላስታ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ሆኖ ስንት መቶ ዓመት እንደሚቆይ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሐሳባችንን የለወጠው ግን ስብራቱ አይደለም፤ ከስብራቱ በኋላ የሆነው ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ከመጣ ጀምሮ ተራዋ የደረሰ ሴት ሁሉ ወስዳ በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። “ቢጠፋ በምን እከፍለዋለሁ?” ነው ነገሩ። አንዷ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ገጽ ሳትገልጥ መለሰችው። የወረቀቱን መጽሐፍ ግን ቡና እየተፈላ ታነበዋለች፣ ጎረቤት ትዋሰዋለች፣ ልጅ ያገላብጠዋል፣ ጭስም ያጠቁረዋል። ያለ ስጋት የሚዋሱት ዕቃ ይነበባል፤ የሚፈሩት ይቆለፍበታል። ለደጋፊዎቻችን በግልጽ ልንነግራችሁ የፈለግነው ይህን ነው፤ ስጦታችሁን ንቀን አይደለም።

የእናቶቻችን ዓይንስ? ለሚለው መልሱን ያመጣችው ከሁላችን ታናሽ የሆነችው አባል ናት። “ለመሣሪያው ከሚወጣው ገንዘብ የማንበቢያ መነጽር ቢገዛስ?” አለች። ሁለት ወር ስንከራከር ለማናችንም አልታየንም ነበር! መነጽሩ ለቁጠባ ደብተሩም፣ መርፌ ለማስገባትም፣ ምስር ለመልቀምም ይሆናል።

እንግዲህ የንባብ ቡድኑ የሚጠይቀው እንዲህ ነው። ከገንዘቡ የሚበዛው ለታተመ መጽሐፍ ይሁን፤ ከእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ቅጂ ይገዛ፣ አንዷ እያነበበች ሌላዋ በዓይኗ እንድትከተል። ዓይናቸው ለደከመ አባላት መነጽር ይገዛ። ኢ-ሪደር ሁለት ብቻ ይምጣልን፤ ከስብሰባ ቤቱ አይውጣ፣ መነጽርም ለማይበቃቸው እናቶች ይዋል፤ ቢሰበር ደግሞ ማኅበሩ እንጂ ሴቲቱ እንዳትጠየቅ ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።

በዚህ ላይ እጅ እንድታወጡ እንለምናለን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችሁ ማንበብ የምትፈልጉትን አንድ መጽሐፍ ለጸሐፊዋ ንገሯት። ስለ በግ ማድለብም ይሁን፣ ስለ ወሊድም ይሁን፣ ልብ ወለድም ይሁን፤ ራሳችሁ መጻፍ የምትችሉ ደግሞ ራሳችሁ ጻፉት። ወረቀቱ ከበሩ አጠገብ ካለችው እህት ጋ ነው።