የልጆቻችን ሥራ የት ይቀመጥ?

 

በሉህ ቁርኣን የቀራን ሰዎች እናስታውሳለን፤ በጥላሸት ቀለም የተጻፈው በቃል ከተያዘ በኋላ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበት ነበር። ማስቀመጫው ልባችን ስለሆነ ሣጥን አላሳሰበንም።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን፣ ሆሳዕና ላይ ልጃችንን በቤት ስናስተምር ነገሩ ሌላ ሆነ። የብስኩት ካርቶን እንደ መስኮት ግራና ቀኝ አጠፍንላት። እሷም እንሰትን ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ሥላ፣ የየክፍሉን ስም በአማርኛና በሀዲይሳ ጽፋ ለጠፈችበት። ማጣበቂያችን በሙቅ ውኃ የተበጠበጠ ቡላ ነበር፤ የሱቁ ቢቀር አልጎዳንም። የጎዳን አቀማመጣችን ነው፤ አልጋ ሥር ከተትነው። ክረምቱ ሲወጣ ካርቶኑ ሻግቶ፣ ቡላ የነካውን ሁሉ አይጥ በልቶት አገኘነው። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ሁለተኛ ግን አልሠራችም።

እናንተ በዱራሜም በሺንሺቾም ያላችሁ ወላጆች፣ ቡላው በደንብ ሳይደርቅ ካርቶኑን አትዝጉት። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፤ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ሣጥን አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ፣ ከምድጃ ጭስ ራቅ አድርጉት። በክረምት ፀሐይ በወጣች ቁጥር አናፍሱት፤ ያን ጊዜም ልጁ ራሱ ገልጦ ያንብብላችሁ።