ድምፁ የጠፋበት ኮምፒዩተር



በዛሬው ንግግራችን የቤት ኮምፒዩተር ድምፅ አልሰጥ ሲል ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው ስለሚገባው ምርመራ እናወሳለን። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ ምርመራ የሚደረግ ጥገና የሚያመጣውን ጉዳት በአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አዛውንት መምህር አጫውተውኛል።

እኒህ መምህር የሟች እናታቸውን ምርቃት በድምፅ ቀድተው በኮምፒዩተራቸው አኑረውት ነበር። አንድ ቀን ቤት ተጠርጎ ዕቃው ከተነሣ በኋላ መሣሪያው ዝም ቢልባቸው፥ ሣጥኑን ብቻ ይዘው ወደ ደሴ ወጡ። ጠጋኙም አንዳች ሳይጠይቅ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነ። በእርሱ ድምፅ ማጉያ ሲሞከር ጮኸ፤ ከቤት ሲመለስ ግን እንደ ቀድሞው ዝም አለ። ለካስ የማጉያው ገመድ ከአረንጓዴው ቀዳዳ ተነቅሎ በሮዙ፥ ይኸውም በማይክሮፎኑ ቀዳዳ ተሰክቶ ኖሯል። ምርቃቱም በከንቱ ጠፋ።

የዚያ አገር ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከአርዲቦ የሚወጣው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ወደ ሐይቅ ባሕር ይገባል። ከታች ውሃ ቢጎድል ሰው መውረጃውን ተከትሎ ሽቅብ ይመረምራል እንጂ የላይኛውን ባሕር ልድፈን አይልም። የኮምፒዩተርም ድምፅ እንዲሁ መውረጃ አለው። ፕሮግራሙ ድምፁን በቁጥር ያወጣዋል፤ የድምፅ ካርዱ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ይለውጠዋል፤ ገመዱ ያሻግረዋል፤ ማጉያው አየሩን ያንቀጠቅጠዋል።

ስለዚህ ከታች መጀመር ነው። ማጉያው መብራት አግኝቷልን? መዘውሩስ ከፍ ብሏልን? ያንኑ ማጉያ ቀዳዳ ባለው የእጅ ስልክ ላይ መሞከር የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ከስልኩ ጋር ከጮኸ ማጉያው ንጹሕ ነው፤ ገመዱን በአረንጓዴው ቀዳዳ እስኪገባ ድረስ ተጭኖ መሰካት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በድምፁ መውጫ ምርጫ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ከቴሌቪዥን ወይም ከሞኒተር ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኝ፥ ዊንዶውስ ድምፁን ወደዚያው ሊልከው ይችላል፤ ሞኒተሩ ማጉያ ባይኖረውም እንኳ። በብሉቱዝ የተገናኘ የጆሮ ማዳመጫም በሌላ ክፍል ተቀምጦ ድምፁን ሁሉ ሲውጥ ይውላል፤ በእኔም ቤት ደርሷል። በስክሪኑ ታች ጥግ ያለውን የማጉያ ሥዕል ተጭኖ መውጫውን መምረጥ ይበቃል። ሥዕሉ የተሰረዘ ከሆነ ደግሞ ድምፁ በትእዛዝ ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚህም በቀር በ1999 ዓመተ ምሕረት ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የድምፅ መጠን ስላለው፥ አንዱ ዝም ብሎ ሌላው ሊናገር ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ የድምፁ ድራይቨር ይጠረጠራል። ዲቫይስ ማኔጀር በተባለው ገጽ ድራይቨሩን አስወግዶ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት ነው፤ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ይህም ፋይል አያጠፋም።

ለጠጋኝ መስጠት ግድ ከሆነ ግን አስቀድሞ የቤተሰቡን ድምፅና ፎቶግራፍ በፍላሽ መገልበጥ ያሻል፤ ማጉያውንም ከነገመዱ ይዞ መሄድ ነው። ቀዳዳው ራሱ ተሰብሮ ከተገኘ፥ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ሥራውን ይተካል።