የጠበቀውና የላላው፦ ለየብቻ የተቀዳ ድምፅን ከምስል ጋር ስለ ማጣጣም



ንግግሬን በአንድ ቃል ልጀምር። ቃሉ «ይመታል» የሚለው ነው። በወረቀት ላይ ስናነበው መቺው ይሁን ተመቺው አይነግረንም። ላልቶ ሲነገር ሌላውን የሚመታ ሰው ነው፤ «መ» እና «ታ» ጠብቀው ሲነገሩ ግን ዱላው የሚያርፍበት ሰው ነው። የተለመደው አጻጻፋችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ልዩነቱ የሚገኘው በድምፁ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም በአሥሮች በሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ርዝመት።

አንድ የታሪክ ወይም የሕግ ተማሪ የአንድን አዛውንት ምስክርነት በካሜራ ቀርጾ፣ ድምፁን በሌላ መሣሪያ ቀድቶ፣ ሁለቱን በኮምፒዩተር ላይ ሲያገናኝ በእጁ የያዘው ነገር ይህን ያህል ስስ ነው። ስለዚህ ድምፅን ከምስል ማጣጣምና ድምፅን ማጥራት የቴክኒክ ሥራ ብቻ መስለው ቢታዩም፣ በጥናት ውስጥ ግን የማስረጃ አጠባበቅ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

ድምፅን ለብቻው መቅዳት አዲስ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ የታየው «ዘ ጃዝ ሲንገር» ድምፁ የተቀረጸው ከፊልሙ ውጭ በሸክላ ላይ ነበር። ፊልሙ ተበጥሶ ሲቀጠል ጥቂት ፍሬሞች ከጎደሉ የተዋናዩ ከንፈርና ድምፁ ይለያዩ ነበር። ኋላም ምስልና ድምፅ ለየብቻ ሲቀረጹ የክላፐር ሰሌዳ መፍትሔ ሆነ፤ ሰሌዳው የተገጠመበትን ፍሬም ዓይን ያያል፣ የግጭቱን ድምፅ ጆሮ ይሰማል፣ አርታኢው ሁለቱን ያገጣጥማል። ዛሬ እንደ ፕሪሚየር ፕሮና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያሉ ፕሮግራሞች በካሜራው ማይክሮፎን የተቀዳውንና በመቅጃው የተቀዳውን ድምፅ ሞገድ አነጻጽረው በቅጽበት ያጣጥሙልናል። ሆኖም ፕሮግራሙ «ጨርሻለሁ» ባለ ጊዜ ሥራው አላለቀም። ሦስት ነገሮች ይቀራሉ።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀርጽ ካሜራ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ስሌት ካሜራው ከተናጋሪው 14 ሜትር ያህል ርቆ ከቆመ፣ ማይክሮፎኑ ድምፁን የሚቀበለው ከምስሉ በአንድ ፍሬም ዘግይቶ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ከተናጋሪው ደረት ላይ የተቀዳውን ጥሩ ድምፅ ከዚሁ ከዘገየው ድምፅ ጋር ስለሚያስተካክል ጥሩውም አብሮ ይዘገያል። ስለዚህ መለኪያችን በመጨረሻ የተናጋሪው ከንፈር መሆን አለበት። «በ»፣ «መ» እና «ፐ» ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ድምፆች በመሆናቸው ለዚህ ምርመራ የተመቹ ናቸው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እንዳመለከተው ተመልካች ስሕተቱን መለየት የሚጀምረው ድምፁ 45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ወይም 125 ሚሊሰከንድ ያህል ሲዘገይ ነው። መዘግየቱን ይበልጥ የምንታገሠው አያስደንቅም፤ በተፈጥሮም መብረቁ ይታያል እንጂ ነጎድጓዱ አይቀድምም።

ሁለተኛው የሰዓት መንሸራተት ነው። ካሜራውም መቅጃውም ጊዜን የሚቆጥሩት እያንዳንዳቸው በራሳቸው የኳርትዝ ክሪስታል ነው። መቅጃችን በሰከንድ 48,000 ናሙና እንዲወስድ ብናዘውም ክሪስታሉ ከሚሊዮን 20 እጅ ቢዛነፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊሰከንድ ስሕተት ይጠራቀማል። ካሜራውም በተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው መጠን ቢዛነፍ ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል። በቃለ መጠይቁ መጀመሪያ ላይ የገጠመ ከንፈር በመጨረሻው ላይ የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ የማየው መፍትሔ ከድምፁ እዚህም እዚያም ትንሽ እየቆረጡ ማስተካከል ነው። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። «ይመታል» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነገር በ«ታ» ላይ አየሩ ታግዶ የሚቆይበት አጭር ዝምታ አለ። መቁረጫው በዚያ ዝምታ ላይ ካረፈ የጠበቀው ቃል ሊላላ፣ ተመቺው መቺ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው። ቀረጻው ሲጀመርም ሲያልቅም በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ እናጨብጭብ። በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ያለውን ርዝመት በምስሉም በድምፁም እንለካ፤ ከዚያም ድምፁን በሙሉ በልዩነቱ መጠን እናርዝም ወይም እናሳጥር። ከሚሊዮን ጥቂት አሥሮች እጅ የሆነ ለውጥ በየቃሉ ስለሚከፋፈል ጆሮ አይለየውም። መቁረጥ ግድ ከሆነም ተናጋሪው ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ በሚያርፍበት ቦታ ይሁን።

ሦስተኛው ማጥራት ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን የነፋስና የጠረጴዛ ጉምጉምታ መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩን አይጎዳም። ሁለቱ ድምፆች ከተጣጣሙ በኋላ የካሜራውን ማይክሮፎን መዝጋትም ይገባል፤ አንድ ዓይነት ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲደራረብ በ500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋልና ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጥንቃቄ የሚሻው ጫጫታን የሚያስወግደው መሣሪያ ነው። ከልክ ሲያልፍ እንደ «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ያሉትን ድንገት ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች እንደ ኮሽታ ቆጥሮ ሊያደበዝዛቸው፣ የቃላትንም መጨረሻ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች ቀድተን ለመሣሪያው መነሻ እንስጠው፤ ጫጫታውንም በመጠኑ እንቀንስ እንጂ ጨርሰን ለማጥፋት አንሞክር።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ አዛውንት ቃለ መጠይቅ አርትዤ፣ ድምፁን እንደ ብርጭቆ አጥርቼ፣ ቦታ እንዲተርፈኝ ብዬ ዋናውን ቅጂ ደመሰስሁት። ኋላ አንድ የቋንቋ ጥናት ባልደረባዬ ከንግግሩ አንዱን ግስ ጠቅሶ «ይላላል ወይስ ይጠብቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደጋግመን አደመጥን፤ መለየት ግን አልቻልንም። ሄጄ እንዳልጠይቃቸው አዛውንቱ ዐርፈው ነበር። እኔ ጫጫታ ብዬ ከጠረግሁት ጋር መልሱም ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ደንብ አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ቀረጻ ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ለተመልካች ጆሮ የተዘጋጀ፣ ሌላው ማንም ያልነካው። በተዘጋጀው ላይ ያደረጋችሁትን ሁሉ፣ ምን ያህል እንዳራዘማችሁ፣ የትኛውን ድምፅ በምን መጠን እንደቀነሳችሁ፣ የት እንደቆረጣችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የምንመረምር መምህራንም የጥቅሱን ትክክለኛነት እንደምንጠይቅ ሁሉ የድምፁን አያያዝ መጠየቅ ይገባናል፤ እስከ ዛሬ ይህን ባለማድረጋችን ተወቃሾቹ እኛው ነን።

ተናጋሪው ቃሉን አምኖ ሰጥቶናል። አሳምረን ለማሰማት ስንጥር የተናገረውን እንዳንለውጥበት አደራ አለብን።