ዳኛውን ማን ሾመው?

(ነሐሴ 2007 በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለተሰባሰቡ ወንድሞችና እህቶች የቀረበ ንግግር)



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሐምሌ 27 ቀን ከልደታ የሰማነው ፍርድ ሁላችንንም አቁስሏል። ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ፣ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል፣ ኡስታዝ ያሲን ኑሩና ኡስታዝ ካሚል ሸምሱ እያንዳንዳቸው 22 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከጀሞ እስከ ጎፋ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህን ዳኞች ማን ሾማቸው?

መልሱ በሕግ ተጽፏል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ዕጩዎችን ይመርጣል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። በ2002 በወጣው አዋጅ ቁጥር 684 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስትሩ የዚህ ጉባኤ አባል ነበሩ። ልብ በሉ! ኮሚቴዎቻችንን የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ የነበረው በዚያው ሚኒስቴር ሥር ነው። ከሳሹ ዳኛ በሚመረጥበት ጉባኤ ወንበር ነበረው ማለት ነው። ሹመቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤትም ቢሆን በ2002ቱ ምርጫ ከ547 ወንበሮች ለተቃዋሚ ፓርቲ የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ግንቦት 16 ቀን 2007 እሷም ሄደች።

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ዳኞች በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ። የአንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ አለቃ፣ ኩባንያው 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተፈርዶበት ሳለ፣ ይግባኙን ለሚሰማው ችሎት የሚወዳደር አንድ ዕጩ እንዲያሸንፍ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። ዕጩው ተመረጠ፤ ተነሳ ሲባል እምቢ ብሎ ተቀመጠ፤ ድምፁንም ለኩባንያው ሰጠ። በአውሮፓውያኑ 2009 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ "መነሳት ነበረበት" አለ። ጉቦ በላ የሚል ማስረጃ አልተጠየቀም፤ ውለታው ይበቃ ነበር።

እኛ ዘንድ ለዳኛ ምርጫ ገንዘብ የሚያዋጣ የለም፤ ማን ይቸገራል? ሹመቱ ራሱ ውለታ ነው። ዳኞች ሁሉ ሕሊናቸውን ሸጠዋል አንልም፤ በዚህ መንገድ ገብቶም በእውነት የሚፈርድ ይኖራል። ግን ተከሳሽ በዳኛው ሕሊና ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሊቀር አይገባም። አዋጅ ቁጥር 25/1988 ዳኛ በዝምድና፣ ቀድሞ በጉዳዩ ጠበቃ በመሆኑ፣ ፍትሕን በሚያዛባ ሌላ በቂ ምክንያትም ከችሎት እንዲነሳ ያዝ ነበር። ከሳሹ መራጩ ሲሆን ይህ "ሌላ በቂ ምክንያት" ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ዝም ብንል ያስተዛዝባል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የሸሪዓ ፍርድ ቤት ቃዲዎች የሚሾሙት መጅሊሱ አቅርቧቸው ነው። መጅሊሱ ደግሞ መስከረም 27 ቀን 2005፣ "ምርጫው በመስጂድ ይሁን" እያልን በቀበሌ የተመረጠ ነበር። የእህቶቻችን ፍቺና ቀለብ፣ የየቲሞች ውርስ የሚታየው በእነዚህ ቃዲዎች ፊት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የቃዲ ዕጩዎች ስም ወደ ጉባኤው ከመላኩ በፊት በየመስጂዱ ይለጠፍ፤ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ተቃውሞ ያለው ይናገር። ዘመዱ ወይም የንግድ ሸሪኩ ዕጩ የሆነ የመጅሊስ አመራር ውይይቱ ላይ አይቀመጥ። እስከዚያው፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት የሁለቱም ወገን ፈቃድ ግዴታ መሆኑን ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን እንንገር። ጉዳይ ያላት እህት ከመፈረሟ በፊት የሕግ ባለሙያ ታማክር። በመካከላችን ያላችሁ ጠበቆች፣ ለዚህ ሥራ በሳምንት አንድ ከሰዓት ስጡን።