ልጆቻችን በመጨረሻው ዓመት ምን ይምረጡ?

በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከተደረገ ንግግር



ሰብሳቢያችን ስለ ሙያዬ እንድናገር የጋበዙኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከአባላት ልጆች መካከል ፊዚዮቴራፒ የሚማሩና ለመማር የሚያስቡ ስላሉ ነው። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት፣ ለአገር ቤት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ዕቃ በኮንቴይነር ይላክ የሚለው የውሳኔ ሐሳብ ነው። ለእኔ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ጋዜጠኞቻችን ወጌሻ ይሉታል። እናቴም ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ «ልጄ አሜሪካ ወጌሻ ናት» ነው የምትለው። አይከፋኝም፤ ሥራችን ግን ከስብራትና ከውልቃት ይሰፋል። በስትሮክ ግማሽ አካሉ የዛለውን ሰው እንደገና እናስኬዳለን፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገውን ደረጃ እናስወጣለን፤ አንገቱን ማቅናት ያቃተውን ሕፃን እናግዛለን።

አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ወደዚህ ሙያ የሚገባው በዶክትሬት ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ይፈጃል። የሰውነት አሠራር፣ ነርቭ፣ አጥንትና ጡንቻ፣ ልብና ሳንባ ሁሉም ተማሪ የግድ ይማራቸዋል። ከዚያ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የምርጫ ኮርሶች ይመጣሉ፤ ተማሪዎቹ ኢሌክቲቭ የሚሏቸው። የሕፃናት፣ የስፖርት፣ የዳሌ ወለል ጡንቻ፣ የማዞርና ሚዛን የመሳት ችግር፣ የሰው ሠራሽ እግር፣ የቁስል እንክብካቤ፣ የሊምፍ እብጠት፣ ደረቅ መርፌ የሚባለውም አለ። እያንዳንዱ በክሬዲት ሲቆጠር ትንሽ ነው። ስፔሻሊስትም አያደርግም፤ የስፔሻሊስት ማዕረግ የሚሰጥባቸው 10 ዘርፎች ሲሆኑ፣ ለፈተናው ለመቀመጥ ወይ በዘርፉ 2000 ሰዓት በሽተኛ ማከም ወይ ሬዚደንሲ መጨረስ ይጠይቃል። ነገር ግን ያን ጉዞ ወዴት እንደሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ይህ ትንሽ ኮርስ ነው።

ለተግባር ልምምድ ወደ እኔ ክሊኒክ የሚመጡ ተማሪዎችን ምን መረጣችሁ ስላቸው ከአብዛኞቹ አፍ የሚወጣው ስፖርት ነው። አልፈርድባቸውም። የብድር ዕዳ ተሸክመው ከቡድን ጋር ሜዳ ላይ መቆም ቢያምራቸው ምን ይገርማል? ለእኛ ልጆች ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ።

የሊምፍ እብጠትን ልውሰድ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ትምህርት የሚፈልጉት በአብዛኛው የጡት ካንሰር ታክመው ክንዳቸው የሚያብጥባቸው ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ኮርሱን የመረጠ ልጅ እዚህም እንጀራ አያጣም፤ ለአገር ውለታ ብቻ ብሎ እንዲመርጥ እየጠየቅሁ አይደለም። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የተለመደው የምስክር ወረቀት ሥልጠና 135 ሰዓት ነው። አሁን ወደ እኛ አገር ደጋ እንሂድ። ጎጃም ውስጥ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች እግራቸው አብጦ፣ ቆዳው ጠጥሮ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችን ዝሆኔ እንለዋለን፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሊምፍን መንገድ ይጎዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ስንቱ በዚህ ምክንያት ከሠርግ ቀርቷል፣ ስንቷ ሳትጋባ ቀርታለች።

እንክብካቤው ደግሞ ውድ አይደለም። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጀርም የሚገድል ነገር በጥቂቱ ጠብ ባለበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እንደ እብጠቱ በፋሻ መጠቅለል፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ የወጣ ጥናት፣ ይህን የመሰለ ቀላል እንክብካቤ በሽተኞቹን በየጊዜው አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የሕመም ግርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልብ በሉ፣ ከዚህ ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ አንድም ነገር የለም።

ቆልማማ እግር ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናትም ልናገር። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ባዳበሩት ዘዴ እግሩ በእጅ ቀስ እየተባለ ይቀናና በየሳምንቱ ጄሶ ይቀየርለታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ጄሶ ይበቃል። ለአብዛኞቹ የተረከዝ ጅማት በትንሹ ይቆረጣል። አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ 3 ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ማታ ማታ ልዩ ጫማ ማድረግ አለበት። እግሩ ቀንቶ ያየች እናት ሕፃኑ ሲያለቅስባት ጫማውን ብታወልቅለት ማን ይፈርድባታል? ያኔ ግን እግሩ ይመለሳል። ስለዚህ ሕክምናው ግማሹ ጄሶ ከሆነ ግማሹ ወሬ ነው፤ እናትየዋን አጠገቧ ቁጭ ብሎ በቋንቋዋ ማስረዳት።

የዳሌ ወለል ኮርስንም የሚንቁ አሉ። በፌስቱላ የተጎዱ እናቶች ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ተኮራምተው ከመተኛት ጉልበታቸው አልዘረጋ ይላል፣ በምጡ ነርቭ ተጎድቶ እግራቸው የሚንጠለጠልም አሉ። የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምናው ጎን ፊዚዮቴራፒ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ባሕር ዳርም ማዕከል አለው።

እንግዲህ ወደ ኮንቴይነሩ። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞቼ በቅን ልብ እንዳቀረቡት አውቃለሁ። ዝርዝሩን አይቼዋለሁ፤ መሮጫ ማሽን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አልጋ፣ የአልትራሳውንድ መሣሪያ። እዚህ የተሠራው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ አገር ቤት መስመሩ 220 ነው። መለዋወጫውን የሚሸጥ ቅርብ የለም። ሲበላሽ መጋዘን ይገባና ቁልፉን የያዘው ሰው ሲቀየር ይረሳል።

ተማሪዎቻችንን ለሁለት ሳምንት የኢሌክቲቭ ጉዞ እንላክ የሚለውንም ሰምቻለሁ። ፎቶው ያምራል። ግን 4 ዓመት ክትትል የሚፈልግ ሕፃን በሁለት ሳምንት ምን ያገኛል? በዲግሪ ደረጃ ፊዚዮቴራፒ ማስተማር በአገራችን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው የተጀመረው፤ ተመራቂዎቹ የእኛ ልጆች እዚህ በመጽሐፍ የሚያዩትን ሳይታከም የቆየ ቆልማማ እግር በእጃቸው ይዘው ያውቁታል። ልጆቻችን ይሂዱ፤ ግን ተማሪ ሆነው ይሂዱ፣ አስተማሪው የአገር ቤቱ ባለሙያ ይሁን። ዩኒቨርሲቲያቸውም ኃላፊነት ወስዶ፣ ተቆጣጣሪ መድቦ፣ ከሆስፒታሉ ጋር ተስማምቶ ይላካቸው። እስከዚያው አማርኛቸውን ይለማመዱ፤ «ያምሻል ወይ?» ማለት የማይችል ቴራፒስት ብዙ አይጠቅምም።

ስለዚህ የውሳኔ ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሎ ለድምፅ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ለማጓጓዣ ከተመደበው ገንዘብ ላይ ሁለት የሆስፒታሉ ሠራተኞች በቆልማማ እግርና በእግር እብጠት እንክብካቤ እንዲሠለጥኑ፣ የቀረው ደግሞ ለጄሶ፣ ለጥጥ፣ ለፋሻ፣ ለሕፃናቱ ጫማና ከገጠር ለሚመላለሱ እናቶች የመኪና ኪራይ እንዲውል። ማን እንደሚሠለጥን ሆስፒታሉ ራሱ ይምረጥ። ኮንቴይነሩ ይቅር አላልሁም፤ ሆስፒታሉ የሚያስፈልገውን በደብዳቤ እስኪያሳውቀን ይቆይ።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ደግሞ የኮርስ ምዝገባችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት በሻይ ሰዓት ፈልጉኝ፤ በስተግራ በኩል ከቡናው አጠገብ እቀመጣለሁ።